የሚታጠበው ቅጠል

ኑ እስቲ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። አንተም ስልክህን ኪስህ ክተተው፣ አይጠፋብህም። ከኋላ ያላችሁት ወደፊት ኑ፤ ድምፄ እንደ ድሮው አይደለም። ስለ አንዲት ልጅ ላወራችሁ ነው። ዕድሜዋ እንደ እናንተው ነው፣ ድምፅዋ ግን የሁላችሁንም ድምፅ አንድ ላይ ቢያደርጉት አይበልጠውም።

ሪላክሰሩ ፀጉሯን ልትሠራ ሳሎን በመጣች አንዲት ነርስ ራስ ላይ እንዳለ ውሃው ሄደ።

ፀጉሩን አለስልሶ የሚያውቅ ሰው ይህን ሲሰማ እጁን ወደ ራሱ መስደዱ አይቀርም። ለማያውቅ ግን ላስረዳ። ሪላክሰር ከርዳዳ ፀጉር የሚያለሰልስ ነጭ ቅባት ነው። በጊዜው ከታጠበ ያሳምራል፤ ከቆየ ግን የራስ ቆዳን እንደ እሳት ይፈጃል። ፀጉር ሠሪዋ የነርሷን አንገት መታጠቢያው ላይ አስደግፋ ቧንቧውን ስትከፍተው ቧንቧው ጉንፋን እንደያዘው ሽማግሌ ሳል ሳል አለ፣ ትንሽ ተፋና ዝም አለ።

«እ? ምን ሆነ?» አለች ነርሷ ዓይኗን እንደጨፈነች።

«ምንም የለም ሲስተር። ትንሽ ታገሺኝ።»

«የምን ትዕግሥት! እያቃጠለኝ እኮ ነው!»

«ማይኬ!» ብላ ጮኸች ፀጉር ሠሪዋ። «ጀሪካኑን! ቶሎ በይ!»

ማይኬ ልጇ ናት። የትምህርት ቤታቸውን ሚኒ ሚዲያ የምትመራው እሷ ስለሆነች፣ ማይክ ሳትይዝ የምትታይበት ቀን ስለሌለ፣ የወጣላት ስም ነው። እናቷ እንኳ በእውነተኛ ስሟ የምትጠራት ስትቆጣ ብቻ ነው።

ማይኬ ጀሪካኑን አነሳችው፤ ባዶ ነው። ማዕዘን ላይ የቆመውን በርሜል ከፈተችው፤ ታች የቀረው ዝቃጭ ብቻ ነው። ባልዲ አንጠልጥላ ወደ መንገዱ ወጣች።

ከመንገዱ ማዶ አዲሱ የገበያ ሕንፃ፣ ሞሉ፣ ተገትሯል። የፊት ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ቅጠል ለብሷል፣ ቅጠሉ መሀል ላይ ደግሞ «የሚተነፍሰው ሞል» ተብሎ በትልቁ ተጽፏል። ድሮ እዚያ ቦታ ላይ ሰው ከሥራቸው ተጠልሎ ታክሲ የሚጠብቅባቸው ዛፎች ነበሩ። ዛፎቹን ቆረጧቸውና ግድግዳ ላይ ቅጠል ሰቀሉ። አሁን ሰው ታክሲ የሚጠብቀው ፀሐይ አናቱን እየበሳው፣ የግድግዳ ቅጠል እያየ ነው።

አንድ ሰውዬ መሰላል ላይ ቆሞ በወፍራም የውሃ ጎማ ቅጠሉን ያጥባል። ውሃው በቅጠሎቹ ላይ እየተንዠቀዠቀ ወርዶ ቦይ ይገባል።

«ጋሼ! እባክዎ ይችን ባልዲ ብቻ ይሙሉልኝ! ሰው እየተቃጠለ ነው!»

ሰውዬው ወደ ጥበቃው ዞሮ አየ። ጥበቃው ጎርደድ ጎርደድ እያለ መጣ።

«አይቻልም። ይህ ውሃ የግድግዳው ነው።»

«የግድግዳው?»

«አዎ የግድግዳው። ሂጂ ወዲያ፣ እንዳልገፋሽ።»

ማይኬ ክርክር ውስጥ አልገባችም። ባልዲዋን ከቅጠሎቹ ሥር ደቅና የሚንጠባጠበውን ልታጠራቅም ስትል ጥበቃው ባልዲውን በጫማው ገፋው። እንዳትወድቅ የያዘችው ቅጠል ተነቅሎ እጇ ላይ ቀረ። አየችው። ጠረን የለው፣ ውሃ አይቋጥር፤ ጀርባው ላይ ከፋብሪካ እንደወጣ የሚያሳይ ስፌት መሳይ መስመር አለበት።

«ላስቲክ ነው!» አለች ጮክ ብላ።

«ዝም በይ ልጄ» አለ መሰላል ላይ ያለው ሰውዬ ወደ ታች አጎንብሶ። «አቧራው እንዳያጋልጠው ነው የማጥበው። ያላጠብኩት ቀን ፕላስቲክነቱ ከሩቅ ያስታውቃል።»

ልብ በሉልኝ። ላስቲክ ይታጠባል፣ ሰው ይነዳል።

ማይኬ ቅጠሉን ኪሷ ከታ ወደ ሱቅ ሮጠችና የታሸገ ውሃ በክንዷ አቅፋ ተመለሰች። የነርሷ ራስ ለመጠጥ በመጣ ውሃ ታጠበ። ነርሷ እየተነፋነፈች፣ እየተራገመች፣ በመጨረሻ እየሳቀች ተነሳች። ጆሮዋ አጠገብ ግን ቆዳዋ ተልጦ ነበር።

«እኔ ቁስል አሽጌ እንጂ ታሽጌ አላውቅም» አለች መስተዋት ፊት ቆማ። «ቆይ ግን፣ እስከ መቼ ነው እንዲህ የምንሆነው?»

ሰፈሩ ሁሉ ነገሩን ያውቀዋል። ከሞሉ ሥር የተቀበረ ፓምፕ አለ። ፓምፑ ሲነሳ መሬቱ እምምም ይላል፣ የሰፈሩ ቧንቧም ትንፋሹ ይቆማል። ውሃ መሥሪያ ቤት ሄደው ሲያመለክቱ «ጥናት ላይ ነው» ይባላሉ። ጥናቱ አጥንቶ አጥንቶ አልመረቅ አለ።

ነርሷ ከሄደች በኋላ ፀጉር ሠሪዋ የፀጉር ማድረቂያ ካስኩን ጠራረገችው፣ የፀጉር መጠቅለያ ቢጎዲኖቹን በቀለማቸው ለየቻቸው፣ እንደገና ቀላቀለቻቸው። ሲጨንቃት እንዲህ ታደርጋለች።

«ሞሉ ውስጥ የውበት ሳሎን አለ አሉ» አለች ወደ ማይኬ ሳትዞር። «ራስ የሚያጥብ ሰው ይፈልጋሉ።»

«አንቺ? የሰው ሳሎን ውስጥ ራስ አጣቢ?»

«እነሱ ጋ ውሃ አለ ልጄ። ይህ በርሜል እንዲህ ከከረመ በሬን ከመዝጋት ሌላ ምን አማራጭ አለኝ?»

ማይኬ ባዶውን ጀሪካን አንስታ በሩ ላይ አስቀመጠችው።

በማግሥቱ ርዕሰ መምህሩ ማይኬን ቢሯቸው አስጠሯት። እዚያ የሞሉ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ ተቀምጧል። ተማሪው «አቶ ፈገግ» ነው የሚለው። ሰውዬው ሲሰማም ፈገግ፣ ሲናገርም ፈገግ፣ ወንበር ሲጎትትም ፈገግ ነው። ሰው እንዴት ጥርሱ አይበርደውም ያሰኛል።

«አንቺ ነሻ ያቺ ድምፅ!» አለ። «ለሞሉ ምርቃት ከውጭ የሚመጡ እንግዶች አሉን። ለአካባቢ ተስማሚ ሕንፃ መሆናችንን የሚመሰክር ሽልማት ሊሰጡን ነው። ታዲያ በማኅበረሰቡ ስም አንድ ልጅ ምስጋና ታንብብ ብለን... ይኸው ተዘጋጅቷል።»

ወረቀቱን ሰጣት። ማይኬ በልቧ አነበበችው። «ሞሉ ከመጣ ወዲህ አየራችን ታድሷል፣ ውሃችን ንጹሕ ሆኗል፣ ሰፈራችን በአረንጓዴ ተውቧል።» ይላል።

«ቅጠሉ ግን ላስቲክ ነው» አለች።

ርዕሰ መምህሩ ሳል አሉ። አቶ ፈገግ ግን ፈገግታው አልተነቃነቀም።

«የማይደርቅ አረንጓዴ ነው የምንለው። እውነተኛ ተክል ውሃ ይጠጣል። የእኛ አይጠጣም። አየሽ? ውሃ ቆጠብን።»

«ታዲያ ለምን ይታጠባል?»

«አቧራ ስለሚበዛ ነዋ።»

«አቧራው ከየት መጣ?»

«ከግንባታው» አለ አቶ ፈገግ፤ ያለውን ነገር ራሱ እንኳ ልብ አላለውም። ከዚያ ወደ እሷ ዘንበል ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ደግሞ ስሚኝ። ሞሉ ውስጥ በድምፅ ማጉያ ማስታወቂያ የምትናገር ልጅ እንፈልጋለን። ፎቁ ሁሉ የሚሰማሽ አንቺን ይሆናል። የሞሉ ድምፅ! ያን ቀን አሳምረሽ ካነበብሽ ሌላ ሰው አልፈልግም።»

እውነቱን ልንገራችሁ፣ የማይኬ ልብ ዘለለ። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ማበጠሪያ እንደ ማይክ ይዛ መስተዋት ፊት ዜና ስታነብ ነው ያደገችው። ርዕሰ መምህሩም ሲሸኟት ትከሻዋን ቸብ አድርገው «ለቤተ መጻሕፍቱ ኮምፒውተር ቃል ገብተውልናል፣ አደራሽን» አሏት። አሁን እምቢ ይባላል?

ኬብል ግን «እንኳን ደስ አለሽ» አላላትም። ኬብል የክፍል ጓደኛዋ ነው። የሚኒ ሚዲያው ሽቦ ሁሉ በእሱ እጅ ነው፤ ለምርቃቱም ድምፅ ማጉያውን እንዲዘረጋ እሱው ታዟል።

«የሞሉ ድምፅ?» ብሎ ሳቀ። «‹ውድ ደንበኞቻችን፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ አንድ ሕፃን ጠፍቷል፣ ምድር ቤት ደግሞ የአንድ ሰፈር ውሃ ጠፍቷል› ልትዪ ነው?»

«አቦ ተወኝ። ቀናህ እንዴ?»

«በምን ልቅና? እኔ ልምምድ ላይ ስፒከሩ እምምም እያለ አናቴን ሊያፈነዳው ነው። ገመዱን ለወጥኩ፣ ማይኩን ለወጥኩ፣ ወይ ፍንክች! ለካ ፓምፑ ነው። ፓምፑ ሲሠራ ማይኩ ውስጥ ይገባል። የእነሱ ሆድ ሲጮህ የእኛ ስፒከር ይናገርላቸዋል።»

ማታ ማይኬ ነገሩን ለእናቷ አወራች። ትቆጣለች ብላ ነበር። ፀጉር ሠሪዋ ግን ወረቀቱን ተቀብላ ቀስ ብላ አነበበችና ማበጠሪያዋን አነሳች።

«ነይ ቁጭ በይ። ፀጉርሽ እንዲህ ሆኖ እንግዳ ፊት አይቆምም።»

«ውሸት እኮ ነው እማዬ።»

«አውቃለሁ። ግን ድምፅሽ ያንቺ ነው። እኔ ልዘጋ ነው ብዬ አንቺም ትዘጊ?»

ማይኬ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለች። እናቷ ተቆጥታ ቢሆን ይቀላት ነበር።

በሳምንቱ ሳሎኑ ውስጥ ጮክ ብላ ስትለማመድ ነርሷ ገባች፤ ጆሮዋ አጠገብ ፕላስተር ለጥፋለች።

«‹ውሃችን ንጹሕ ሆኗል›...»

«እሱስ እውነት ነው» አለች ነርሷ ወንበሩ ላይ ዘፍ ብላ። «ንጹሕ ነው። ምንም የለበትም። ውሃም የለበትም።»

ሳሎኑ በሳቅ ተናጋ። ማይኬም ሳቀች። ሳቁ ሲያልቅ ግን ወረቀቱ እጇ ላይ ከበዳት።

የምርቃቱ ቀን ሞሉ ፊት ለፊት ድንኳን ተጣለ። ለሰፈሩ ሰው ቅጠል የታተመበት ቆብና ካናቴራ ታደለ። ቆቡ የታደለው ድሮ ዛፎቹ በቆሙበት ቦታ ላይ ነው፤ ለጥላ እንዲሆናችሁ ተባለ። የአንድን ሰፈር ጥላ ነቅሎ በየራሱ ላይ አንዳንድ ቁራጭ ጨርቅ መድፋት፣ ከዚያ አመስግኑኝ ማለት! እንዲህ ያለ ድፍረት ላላቸው ሰዎች ምን ዓይነት ስም እንደሚወጣላቸው አላውቅም፤ የማውቀውንም ለናንተ አልነግርም።

ፀጉር ሠሪዋ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ቆቧን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። ነርሷ አጠገቧ ናት። እንግዶቹ ፊት ለፊት፣ ከእነሱም ጎን አቶ ፈገግ። ከምስጋናው በኋላ እንግዶቹ በሰፈሩ ውስጥ ይዘዋወራሉ፣ ያገኙትንም ቧንቧ ከፍተው ያያሉ ተብሏል።

ማይኬ ወደ መድረኩ ልትወጣ ስትል ኬብል ከስፒከሩ ኋላ ሸሚዟን ጎተታት።

«ማይኬ፣ ስሚ።»

«ምኑን ልስማ? ምንም አይሰማም።»

«እሱን ነው የምልሽ! ምንም አይሰማም። እምምም የለም። ፓምፑን አጥፍተውታል።»

ማይኬ ባለችበት ቆመች። ገባት። እንግዶቹ ቧንቧ ሲከፍቱ ውሃ እንዲያዩ፣ ለዛሬ ብቻ፣ ለዚያች ጉብኝት ብቻ፣ ለሰፈሩ ውሃ ተለቋል። የሰፈሩ ሰው በሙሉ ግን ቆብ ደፍቶ ድንኳን ውስጥ ለማጨብጨብ ተቀምጧል። ባዶ ቤት ውስጥ ባዶ ጀሪካን ተደርድሯል። ጉብኝቱ ሲያልቅ ፓምፑ ይነሳል። አቶ ፈገግ ሁሉን አስቦ አንድ ነገር ብቻ ረስቷል፤ ውሃ የጠማው ሰው ውሃ መምጣቱን ከሰማ ወንበር እንደማያቆየው።

ስሟ ተጠራ። ወጣች። ማይኩን ወደ አፏ አስተካከለች። ከመድረኩ ላይ የእናቷ ሳሎን ከመንገዱ ማዶ ይታያታል፣ በሩ እንደተቆለፈ። ሦስተኛው ረድፍ ላይ እናቷ ሁለት እጇን ለማጨብጨብ አዘጋጅታ ትጠብቃታለች።

«ክቡራን እንግዶቻችን፣ የተከበራችሁ የሰፈራችን ነዋሪዎች» ብላ ጀመረች። ድምፅዋ ጥርት ብሎ ወጣ። አቶ ፈገግ ራሱን ነቀነቀ። «ሞሉ ከመጣ ወዲህ...»

ቆመች። የሚቀጥለውን መስመር አየችው። ደግማ አየችው። ከዚያ ወረቀቱን ለሁለት አጥፋ፣ በየጠዋቱ ሰልፍ ላይ በምትናገርበት፣ ቁጣም ልመናም በሌለበት ድምፅ እንዲህ አለች።

«ማስታወቂያ። ውሃ መጥቷል።»

ከኋላ አንዲት አሮጊት «ምን አለች?» አሉ። ነርሷ ብድግ ብላ «ውሃ መጥቷል ነው የምትለው! ምን ተጎልታችኋል!» ብላ ጮኸች።

ያኔ ያያችሁት ቢሆን! ወንበር በወንበር ላይ ወደቀ። ቆብ በረረ። አባቶች ካናቴራቸውን እየሰበሰቡ፣ እናቶች ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው፣ ልጆች ከሁሉ ቀድመው፣ ማኅበረሰቡ በሙሉ ሮጠ። የሙዚቃ ጓዱ እንኳ ከበሮውን ጥሎ ሄደ፤ ከበሮ መቺው ቤቱ እዚያው ጀርባ ነውና። ወዲያው ከየጊቢው ውሃ የባልዲ ቂጥ ሲመታ ተሰማ።

ድንኳኑ ውስጥ እንግዶቹና አቶ ፈገግ ቀሩ።

ከእንግዶቹ አንዷ፣ ፀጉሯ የሸበተ ሴትዮ፣ ወደ መድረኩ ቀረበች። «ምነው እንዲህ ሮጡ?» አለቻት በሚንተባተብ አማርኛ። «ውሃ ሁልጊዜ አለ ተብለን ነበር።»

«ፓምፑ ሳይነሳ ለመድረስ ነው» አለች ማይኬ።

ሴትዮዋ ወደ አቶ ፈገግ ዞረች። አቶ ፈገግ ፈገግ አለ። ሌላ የሚያውቀው ነገር የለማ! ከዚያ ወደ ማይኬ ተጠግቶ፣ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ፣ «እንግዶቹ አልሄዱም፣ የሞሉ ካሜራም እየቀረጸ ነው። ተመለሽና ጨርሺው። የሰጠሁሽን ቃል አልረሳሁም» አላት።

ማይኬ ማይኩን አየችው። እንዲህ ያለ ጥሩ ማይክ ይዛ አታውቅም። ከኪሷ ያችን የላስቲክ ቅጠል አወጣች። የታጠፈውን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ነፋስ እንዳይወስደው ቅጠሉን ከላዩ ጫነችበት።

«ጋሼ፣ እናቴ በርሜል አላት» አለች። «ብቻዋን አትችለውም።»

ወርዳ መንገዱን ተሻገረች። ፀጉር ሠሪዋ ሳሎኑን ከፍታ ቧንቧው ሥር ባልዲ ደቅናለች። ልጇን ስታይ ሙሉውን ባልዲ ሰጠቻት፣ ባዶውን ተቀበለቻት። በርሜሉ አፉ ድረስ ሲሞላ መሬቱ እምምም አለ፣ ቧንቧውም ሳል ሳል ብሎ ዝም አለ። እናቲቱ እርጥብ እጇን የልጇ ጉንጭ ላይ አሳረፈችው።

«ሰኞ ሲስተርን ጥሪያት» አለች። «የቀረውን ፀጉሯን ልጨርስላት። ሞሉ ሌላ ራስ አጣቢ ይፈልግ።»

ሽልማቱን ኋላ ሰጧቸው ነው የሚባለው። ኮምፒውተሩም አልመጣም፤ ርዕሰ መምህሩ ለጥቂት ቀን ማይኬን ሲያዩ መንገድ ይቀይሩ ነበር። ሞሉ ውስጥ ዛሬ የሌላ ልጅ ድምፅ ነው የሚሰማው፣ ጥሩ ድምፅ አላት። ፓምፑም በየጊዜው ይቆማል፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር። ታዲያ ፓምፑ ዝም ባለ ቀን ኬብል ስፒከሩን ጣራ ላይ ይሰቅላል፣ ሰፈሩም አንዲት የታወቀች ድምፅ ይሰማል፦ «ማስታወቂያ። ውሃ መጥቷል።»

በሉ ተነሱ፣ መሽቷል፣ ቤታችሁም ይፈልጓችኋል። ብቻ ልጆቼ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ቅጠል የለበሰ ትልቅ ግድግዳ ያያችሁ ዕለት ጠጋ ብላችሁ በጣታችሁ ንኩት። ስትነኩት ያቺን ልጅ አስታውሱልኝ።